ሁለቱ ግፊቶችና የአክስቴ ዝንጅብል

ኮምፒውተር ሲያሰላ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም። ሌላው ሰው ሻይ ይዞ፣ ወሬ ጀምሮ ይጠብቃል። እኔ እነሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ፣ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር እመላለሳለሁ። ሶዶ ውስጥ የማስተርስ ጥናቴን በምሠራበት ክፍል አብረውኝ የሚቀመጡት ልጆች ‹‹እባክሽ ለወንበሩ እንኳ እዘኚለት›› ይሉኝ ነበር።

ያን ሰሞን ግን ብሶብኝ ነበር። ስክሪኑ ላይ አልንቀሳቀስ ብሎ የቆመው አየር የአክስቴን ዝንጅብል ማድረቅ የነበረበት አየር ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ከቦምቤ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ትኖራለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን የያዘችው ብቻዋን ነው። ከማሳው አንዱ ቁራጭ የዝንጅብል ነው። በሽታ ገብቶ የአካባቢውን ዝንጅብል ካጠወለገው በኋላ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ትቶታል፤ እሷ ግን ሙጭጭ አለች። አምና ምርቱ አማረላት። ልክ ስትሰበስብ ያለ ወሩ ዝናብ መጣና መሬት ላይ ያሰጣችው ሁሉ ሻገተ። የሻንቶው ነጋዴ አንዱን አንስቶ አሸተተና መልሶ ጣለው። ይህን ያየው ዋርሳዋ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ‹‹ከርሞም ከሻገተ ቦታውን ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ›› አለ። አነጋገሩ የምክር ነበር፤ ነገሩ ግን ለሁላችንም ገብቶናል። ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ቦታውን መልሶ አይሰጥም።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሥጋ እየበላን ሳለ፣ ዋርሳዋ እየሰማ፣ ‹‹እኔ ማድረቂያ እሠራልሻለሁ፤ ዘንድሮ አንዲት ፍሬ አትሻግትም›› አልኳት። አክስቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ።

ማድረቂያው ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ጥቁር የተቀባ ላሜራ አለ፣ በላዩ ላስቲክ ተወጥሯል። ፀሐይ ሲመታው በመሃል ያለው አየር ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ይቀላል፤ የቀለለ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ዝንጅብሉ የተደረደረበትን መረብ አቋርጦ በረጅም ቱቦ ይሄዳል፣ እሱ ሲሄድ ከታች ሌላ አየር ይሳባል። ፋን የለውም፤ መንደሩ መብራት ስላልገባለት ፋን ማሰብም ከንቱ ነው። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በቱቦው መሳብ ላይ ነው። ቱቦው ካልሳበ እርጥብ ዝንጅብል ሳጥን ውስጥ ዘግቶ ማፈን ማለት ነው፣ ያ ደግሞ መሬት ላይ ከማስጣት የባሰ ነው።

ቱቦው ምን ያህል መርዘም እንዳለበት የሚነግረኝ ሲሙሌሽኑ ነበር። ሶፍትዌሩ ግፊትን በሁለት ስም ይዞታል። አንደኛው ሙሉው ግፊት ነው፤ ‹ፒ› ይባላል። ሁለተኛው ደግሞ ስሙ ራሱ ምላስ የሚያስር ነው፣ ‹ፒ አር ጂ ኤች›። እንዲህ ነው ነገሩ። አየር ቆሞም ክብደት አለው፤ የታችኛው የላይኛውን ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ያ ሸክም ትልቅ ነው፣ የሞቀ አየርን የሚያንቀሳቅሰው ልዩነት ግን ኢምንት ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሸክሙን መጀመሪያ ይቀንስና በተረፈው ያሰላል። የተረፈው ነው ሁለተኛው ግፊት። ሸክሙን ለመቀነስ የአየሩን እፍጋት፣ የመሬትን ስበትና ከፍታን ያባዛል። ከፍታው የሚለካው ሰው ዜሮ ብሎ ከሰየመው ቦታ ነው።

መጀመሪያ ላይ ኩራቴ ሌላ ነበር። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው ምሳሌ የባሕር ጠረፍ ግፊት ነው የሚጠቀመው፤ ሁሉም ሰው ሳያስበው ይገለብጠዋል። እኔ ግን የኛን አገር ከፍታ አስቤ ዝቅ አደረግኩት። ለአማካሪዬ ‹‹ዶክተር፣ ወላይታ እኮ ባሕር ዳርቻ አይደለም›› ብዬ ቀለድኩ። እሱም ሳቀ፣ ‹‹ጎበዝ›› አለኝ። ትንሿን አስተካክዬ ትልቋን አሳለፍኳት።

ውጤቱ ሲመጣ አየሩ አይሄድም። ቱቦው ውስጥ ገብቶ ወገቡ ላይ ሲደርስ ይዝላል፣ ይሽከረከራል፣ ይቆማል። ቱቦውን አስረዘምኩት፤ ያው ነው። በጣም አስረዘምኩት፤ አሁንም ያው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ረጅም ቱቦ ከአጭር ቱቦ ካልተሻለ በዓለም ላይ ያለ ጭስ ማውጫ ሁሉ ለጌጥ ነው የተሠራው ማለት ነው። መረቡን ቀየርኩ፣ ሙቀቱን ጨመርኩ፣ መብራት ሄዶ የተሰላው ሁሉ ሲጠፋ እንደገና ጀመርኩ። ቆሽቴ አረረ።

አማካሪዬ ወንበሩን አስጠግቶ አየውና ‹‹ስሌቱ ተረጋግቷል። አየሩ አይስብም እያለሽ ከሆነ አይስብም ነው። ቱቦውን ተይውና ፋን አስገቢበት›› አለኝ።

‹‹መብራት የላቸውም እኮ፣ ዶክተር።››

‹‹እንግዲያስ ዲዛይኑ እዚያ ቦታ አይሆንም። ይህም ውጤት ነው፤ ይጻፋል።››

ለእሱ ውጤት ነው። እሱ ለጊፋታ እዚያ አልነበረም። ከክፍሉ ወጥቼ በቀጥታ ብየዳ ቤት ሄድኩ። በያጁ ሳጥኑን ጨርሶ ቀለም ቀብቶታል፤ የቱቦው ላሜራ ግን ገና ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።

‹‹ኢንጂነር፣ ልቁረጠው ወይስ ላጥፈውና መጋረጃ ላድርገው?›› አለኝ።

‹‹ጠብቅ።››

‹‹እስከ መቼ? ላሜራው እኮ ጠረጴዛዬን ያዘብኝ። ሰው በርና መስኮት ይዞ ይመጣል፣ የማስቀምጥበት የለኝም።››

‹‹ጠብቅ አልኩህ!›› ብዬ ጮኽኩበት። ምንም አላደረገኝም እኮ። ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ‹‹እሺ እሺ፣ አትብዪኝ›› አለ፣ ወደ በሩም ተመለሰ። ለአክስቴም ስትደውል የምላት ያንኑ ነበር። ጠብቂ፣ እያየሁት ነው። ጠብቂ፣ ትንሽ ቀርቶኛል። አየሩ አይሄድም ብዬ ልነግራት ድፍረቱ አልነበረኝም። ሳይከተፍ ከቆየ ለነጋዴው እርጥቡን ልትሸጠው ትችላለች፣ ዋጋው ቢያንስም ከመሻገት ይሻላል፤ ይህንንም አውቃለሁ። ልንገራት እያልኩ ስልኩን አነሳለሁ፤ መልሼ አስቀምጣለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለች። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ የምናወራው በወላይትኛ ነው፤ የማድረቂያው ነገር ሲነሳ ግን ወደ አማርኛ ትዞራለች። የቢሮ ጉዳይ ይመስላታል።

‹‹ሳሮ ነሽ?›› አለች፣ ሰላም ነሽ ወይ ማለቷ ነው፤ መልሴንም ሳትጠብቅ ቀጠለች። ‹‹ዝንጅብሉን ከትፌ ጨረስኩ። ማሽኗ መቼ ይመጣል?››

‹‹ምን አልሽኝ?››

‹‹ከተፍኩት። ሁሉንም። ቀጭን ቀጭን አድርጌ፣ አንቺ እንዳልሽው።››

የተከተፈ ዝንጅብል እርጥቡን የሚገዛ ነጋዴ አይነካውም። ከዚህ በኋላ ወይ ይደርቃል ወይ ይሻግታል፣ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ጠብቂ አላልኩሽም ወይ ብዬ ልጮህ ስል እሷ ቀደመችኝ።

‹‹ዋርሳዬ ደግሞ ጠይቂልኝ ብሏል። ቱቦዋ ከሜዳው በላይ ስንት ይወጣል? ለቅሶ ቢሆን ሰው ቱቦ እያየ ነው ወይ የሚቀመጠው፣ ይላል።››

ሜዳው ከቤቱ ፊት ያለው ሣር ነው። በኛ አካባቢ ያቺን ሣር ማንም እንደዋዛ አይነካትም። እንግዳ የሚቀመጠው፣ ሽማግሌ የሚሸመግለው፣ ለቀስተኛ የሚሰበሰበው እሷ ላይ ነው። አይታረስባትም፣ ዕቃ አይቆምባትም። ልክ ልወስድ የሄድኩ ቀንም ከሁሉ በፊት የተነገረኝ የሣሩ ነገር ነበር። ማድረቂያው ከሣሩ በታች፣ ተዳፋቱ ላይ፣ እንሰቱ አጠገብ ቦታ ተሰጠው። ከሣሩ ጠርዝ ገመድ ወጥረን፣ ሳጥኑ ከሣሩ ምን ያህል ወደ ታች፣ ቱቦው ከሣሩ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚሆን ለካን። ለእኔም ለእነሱም ከዚያ ሌላ መለኪያ አልታየንም። ልኩን እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባሁት።

‹‹ቆዪ ልየውና ልንገርሽ›› አልኳት። ፋይሉን ከፍቼ የቱቦው አፍ ያለበትን ቁጥር ፈለግኩ። አገኘሁት። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

ቁጥሩ ከሣሩ የተለካ ነው። ማለትም የሶፍትዌሩ ዜሮ ሣሩ ነው።

‹‹ሃሎ?›› አለች። ‹‹ሃሎ፣ ኔትዎርኳ ጠፋ እንዴ?››

‹‹መልሼ እደውላለሁ›› ብዬ ዘጋሁባት።

ቱቦው ከታች አየር በሚገባበትና ከላይ በሚወጣበት ቦታ ላይ ለሶፍትዌሩ የነገርኩት አንድ ነገር ነው፤ ‹የተረፈው ግፊት በሁለቱም ቦታ እኩል ነው› ብዬዋለሁ። ሲሰሙት ምንም አይከብድም። ውጭ ያለው አየር ቆሟል፣ ሸክሙ ሲቀነስለት ከታችም ከላይም እኩል ይሆናል። ግን ሶፍትዌሩ የሚቀንሰው እዚያው ነጥብ ላይ ባገኘው አየር እፍጋት ነው። በቱቦው አፍ ላይ የሚያገኘው ደግሞ ከውስጥ የሚወጣውን ሞቃት፣ ቀላል አየር ነው። ከሣሩ ጀምሮ እስከ ቱቦው አፍ ያለውን ከፍታ በዚያ ቀላል አየር እየመዘነ፣ ውጭ ያለው አየርም እንደዚያው ቀላል ነው ብሎ ያስባል። የውጩ አየር ግን ቀዝቃዛና ከባድ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግፊቱ ከዚያ ይበልጥ ይቀንሳል። እኔ ያልቀነሰ አስመስዬ፣ መዳፌን በቱቦው አፍ ላይ እንደጫንኩ ሰው ሆኜ ነበር። ከሣሩ በላይ ያለው ቱቦ ሁሉ ሥራ ፈት ሆኖ ቆመ፤ ባስረዝመውም ያስረዘምኩት ሥራ ፈቱን ነው።

ዜሮው ቱቦው አፍ ላይ ቢሆንስ? እዚያ ከፍታው ዜሮ ስለሆነ የሚቀነስ ነገር የለም፤ አየሩ ቢቀልም ቢከብድም ስሌቱን አይነካውም። ከታች የሚገባው አየር ደግሞ እንደ ውጩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሸክሙ በትክክል ይቀነሳል። አንድ ቁጥር ብቻ ቀየርኩ። ዜሮውን ከሣሩ አንስቼ ቱቦው አፍ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ኮሪደሩን ምን ያህል እንደተመላለስኩ አላውቅም። ስመለስ አየሩ ከታች ገብቶ፣ መረቡን አልፎ፣ ቱቦውን ሞልቶ ይወጣ ነበር። ቱቦውን ሳስረዝመው ጨመረ።

አማካሪዬን ጎትቼ አመጣሁት።

‹‹ዜሮውን ብቻ ነው ያዛወርሽው?››

‹‹አዎ፣ ዶክተር።››

‹‹ሌላ ምንም ሳትነኪ?››

‹‹ምንም።››

መነጽሩን አውልቆ ‹‹እኔም አላየሁትም›› አለ። ለዚያች ቃሉ እስካሁን እወደዋለሁ። ደስታው ግን ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ተነነ። ያው ኮምፒውተር ትናንት አይስብም አለኝ፣ ዛሬ ይስባል አለኝ። ትናንትም ዛሬም ፊቱ አንድ ነው፤ እንደ ሰው ሲዋሽ አይኑን አይሰብርም። ብየዳ ቤት ደረስኩና ‹‹ቁረጠው›› አልኩ። በያጁ ሐሳቤን ሳልቀይር ብሎ ነው መሰለኝ ወዲያው መቀሱን አነሳ።

በማግስቱ ሳጥኑንና ቱቦውን ሚኒባስ ላይ ጭነን ከበያጁ ጋር ወጣን። አረካ ላይ መኪና ስንቀይር አንዲት እናት ቱቦውን አይተው ‹‹የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ነው?›› ብለው ጠየቁ። በያጁ ‹‹አይ እናቴ፣ ይሄ እንኳን ሊጮህ፣ መተንፈሱንም ገና አላወቅንም›› አላቸው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ሰማዩ ደመና ነበር። አክስቴ ቤት ስንገባ ሽታው ነው የተቀበለን። አልጋው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ በሸራ በሸራ የተከተፈ ዝንጅብል ተዘርግቷል። ጣቶቿ በዝንጅብሉ ተቃጥለው ቀልተዋል። ዳር ዳር ያለውን አንስቼ አሸተትኩ፤ መለወጥ ጀምሯል። በያጁ ሳጥኑን ተዳፋቱ ላይ አቁሞ ቱቦውን ገጠመ፣ እኔና እሷ መረቦቹን ሞላን። ዋርሳዋ ሣሩ ዳር በርጩማ አስወጥቶ ተቀምጧል፤ ባሕር ዛፍ የሚተክልበትን ቦታ በአይኑ እየለካ መሰለኝ።

ማድረቂያው ፊት ቆሜ እጄን አየር መግቢያው ላይ አደረግኩ። ምንም የለም። ፀሐይ ከሌለ ምን ሊኖር ነው? ይህን አውቃለሁ፣ ቢሆንም እጄን አነሳለሁ፣ መልሼ አደርጋለሁ። እንሰቱን ዞሬ መጣሁ። እንደገና ዞርኩ። አንዲት ቀጭን ቃጫ ቆርጬ መግቢያው አፍ ላይ አሰርኳት፤ ቀጥ ብላ ተንጠለጠለች። በያጁ ‹‹ኢንጂነር፣ እባክሽ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ እኮ›› አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ተሰነጠቀ። ላስቲኩ ላይ ብርሃን ወደቀ። ጥቁሩ ላሜራ ሞቀ፣ ላስቲኩ ከውስጥ ላበ። ቃጫዋ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ጫፏ ብቻ ትንሽ ዘመም አለች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ወደ ውስጥ ዘመመችና እዚያው ቀረች።

‹‹ሳበ!›› ብዬ ጮኽኩ። ‹‹አክስቴ፣ ሳበ!››

ዋርሳዋ ከበርጩማው ተነስቶ ቀስ ብሎ ወረደ። ቃጫዋን አየና ‹‹ንፋስ ነው›› አለ።

ደሜ ፈላ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን በያጁ መሰላሉን ወጥቶ ኮፍያውን ቱቦው አፍ ላይ ደፋው። ቃጫዋ ወዲያው ወረደች። ኮፍያውን አነሳ፤ ተሳበች። ደፋ፤ ወረደች።

‹‹አሁንስ ጋሼ?›› አለ ከላይ ሆኖ።

ዋርሳዋ ወደ ቱቦው ቀና ብሎ አየ፣ ወደ ሣሩም ዞሮ አየ። ‹‹ትንሽ ከፍ ብሏል›› አለ፣ ተመልሶም ተቀመጠ።

ዝንጅብሉ እስኪደርቅ ወደ ሶዶ አልተመለስኩም። መረቦቹን እያፈራረቅን፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ የላይኛውን ወደ ታች እያደረግን ሰነበትን። ዳር ዳሩ የተበላሸውን ለቅመን ጣልን፤ ሌላው ሁሉ ደረቀ። የሻንቶው ነጋዴ መጣ። አንዱን አንስቶ አሸተተ። በጣቶቹ ሰበረው፣ ቀጭ አለ። ሌላም ሰበረ። ከዚያ ረዳቱን ጠርቶ ጆንያ አስመጣ። ዋርሳዋ ይህን ቆሞ አየ፣ ስለ ባሕር ዛፍም አላነሳም። ቢያንስ ለዘንድሮ ቦታው የዝንጅብል ነው።

ነጋዴው ከሄደ በኋላ አክስቴና እኔ መረቦቹን ስናጥብ፣ ከዚያ ስልክ ጀምሮ አንጀቴ ውስጥ የቆየውን ጠየቅኳት።

‹‹ለምን ከተፍሽው? ጠብቂ ብዬሽ ነበር እኮ። ባይስብስ ኖሮ?››

በአማርኛ ነበር የጠየቅኳት፤ እሷ ግን በወላይትኛ መለሰችልኝ።

‹‹ባይስብ ይሻግት ነበራ።››

‹‹መሬቱስ?››

‹‹መሬቱም ይሄድ ነበር።›› መረቡን አራገፈችና እንጨቱ ላይ ሰቀለችው። ‹‹አምና ሲሻግት ብቻዬን ነው የለቀምኩት። ለቅሜ ለቅሜ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ ማንም አልነበረም። ዘንድሮም የሚሻግት ከሆነ አንቺ እዚህ ቆመሽ ይሻግት ብዬ ነው። ጠብቂ፣ ጠብቂ ስትይኝ፣ ካልከተፍኩት እንደማትመጪ አወቅኩ።››

አፈርኩ። ከሶዶ እሷ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም።